የማይመለስ ዕቃ በሚመለስ ገንዘብ አይሸጥም
ስለ ዲጂታል ንግድና ስለ ክፍያ መመለስ ተንኮል በጌጫ ከተማ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ነገር በመልኩ አዲስ ቢመስልም በባሕርዩ ጥንታዊ ነው፤ ይኸውም ሰው የሌላውን ሰው ድካም ዋጋውን ሳይከፍል ለመውሰድ የሚሠራው ተንኮል ነው። በዘመናችን ግን ይህ ተንኮል የገበያውን አደባባይ ትቶ በእጃችን በምንይዘው ስልክ ውስጥ ስለ ገባ፣ አስቀድሞ ያልተጠነቀቀ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ሊዘረፍ፣ ከተዘረፈም በኋላ መዘረፉን ሳያውቅ ሊሰነብት ይችላል። ስለዚህ ዲጂታል ዕቃ ሸጦ፣ ተከፈለኝ ብሎ ደስ ብሎት ሳለ፣ ኋላ ያ ክፍያ ሲመለስበት ዕቃውንም ገንዘቡንም ስለሚያጣው ሻጭ በጥሞና እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ። የንግግሬም ፍሬ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ እርሱም የማይመለስ ዕቃ በሚመለስ ገንዘብ አይሸጥም የሚል ነው።

ምናልባት ከአባቶቻችን አንዱ፣ «እኛ ቡናና ማር፣ ኮረሪማና ቆጮ የምንሸጥ ሰዎች ነን፤ ይህ ነገር እኛን በምን ይመለከተናል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ በአንድራቻ ወረዳም ሆነ በማሻ፣ በቴፒም ሆነ በሚዛን አማን፣ የሞባይል ካርድ ፍቆ ቁጥሩን ወደ ሌላ ሰው ስልክ የላከ ባለሱቅ ሁሉ፣ ስሙን ባያውቀውም ዲጂታል ዕቃ ሸጧል፤ የሸጠው ወረቀቱን ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ተሸፍኖ የነበረውን ቁጥር ነውና። ዛሬ ደግሞ ልጆቻችን ከዚህ አልፈው የኢንተርኔት ፓኬጅ ይሞላሉ፤ በስልክ ለሚጫወቱት ጨዋታ የሚያገለግለውን ዩሲና ዳይመንድ ይሸጣሉ፤ የቴሌግራም ቻናል ያሳድጉና ለሌላ ያስተላልፋሉ፤ በፒዲኤፍ የተዘጋጀ መጽሐፍ፣ የተቀረጸ ትምህርት፣ የተሣለ አርማ፣ የተተረጐመ ጽሑፍ ያቀርባሉ። ለመሬትና ለካፒታል ያልታደለ ወጣት በአእምሮውና በጣቱ ብቻ የሚያድርበት ይህ ሥራ የተከበረ ሥራ ስለ ሆነ፣ እንደ ቡናውና እንደ ማሩ ሁሉ ጥበቃ ይገባዋል።

የዚህን ዕቃ ባሕርይ አስቀድመን ካልመረመርን የተንኮሉን ሥር ልናገኘው አንችልም። አንድ ኩንታል ቡና ከጌጫ ወደ ቴፒ ሲወርድ ተመዝኖ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ሾፌርና ጫኝ እያዩት ስለሚሄድ፣ ክርክር ቢነሣ ምስክር አለው፤ ዋጋው ካልተከፈለም ዕቃው ተይዞ ሊመለስ ይችላል። ዲጂታል ዕቃ ግን በቅጽበት ይሄዳል፤ ምስክር የለውም፤ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ተቀባዩ አይቶታል፣ ተጠቅሞበታል፣ ወይም ቀድቶ ለሌላ አስተላልፎታልና፣ «መልስልኝ» ቢሉት የሚመለስ ነገር የለም። እንግዲህ በአንድ ወገን ፈጽሞ የማይመለስ ዕቃ፣ በሌላው ወገን ግን ለጥቂት ቀናት ወይም ለብዙ ወራት ሊመለስ የሚችል ክፍያ ሲገናኙ፣ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት የአታላዩ መግቢያ በር ይሆናል።

ገንዘብን መርምሮ መቀበል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በአገራችን ገበያዎች ይዘዋወር በነበረበት ዘመን፣ ምንም እንኳ በብሩ ላይ የታተመው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ቢሆን፣ ነጋዴው የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ ዕንቁዎችና የትከሻዋን ጌጥ ነጥቦች እየቆጠረ፣ የተፋቀውንና የደበዘዘውን አልቀበልም ይል ነበር። ብሩን የሰጠውም ሰው ይህን እንደ ስድብ አልቆጠረውም፤ ምርመራው የገበያው ሥርዓት እንጂ በሰውዬው ላይ የቀረበ ክስ አልነበረምና። እኛ ግን ብሩ ወደ ስልካችን ከገባ ወዲህ ይህን መልካም ልማድ ጥለነዋል፤ ገዢው የስልኩን መስታወት ወደ ዓይናችን ባስጠጋ ጊዜ፣ «ልመርምረው» ማለት ነውር እየመሰለን፣ በይሉኝታ ብቻ ዕቃችንን አሳልፈን እንሰጣለን።

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ኤም-ፔሳም በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ከተከተለው ወዲህ፣ ከባንኮቹም የሞባይል አገልግሎት ጋር ተደምሮ፣ ባንክ ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግሩ ይጓዝ የነበረው ገበሬ ከደጁ ሳይርቅ ገንዘብ ለመላክና ለመቀበል በቅቷል። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ የምናገረውም በረከቱን ለማጥላላት አይደለም። ነገር ግን በረከት ሁሉ ጠባቂ ስለሚያስፈልገው፣ ተንኮለኞች የሚመጡባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ልዘርዝር።

የመጀመሪያው መንገድ ከነጭራሹ ያልተከፈለውን ገንዘብ እንደ ተከፈለ ማስመሰል ነው። አታላዩ የባንኩን ወይም የቴሌብርን መልእክት አስመስሎ ጽፎ ከሌላ ስልክ ይልካል፤ ወይም የቆየ ደረሰኝ ስክሪንሾት ወስዶ ስሙንና የብሩን ልክ ይለውጥና ያሳያል። ዝናብ በማይለየው በዚህ በሸካ ምድር ኔትወርክ ሲጠፋ፣ «መልእክቱ የዘገየው በኔትወርኩ ነው፤ ይኸው ስክሪንሾቱ፤ እኔ ቸኩያለሁ» የሚለው ቃል ለማመን ቀላል ስለ ሆነ፣ ተንኮሉ በእንዲህ ያለው ቀን ይበረታል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ የገዢውን ስልክ ማየት ትቶ የራስን ሒሳብ ማየት ነው። ቴሌብር የሚጠቀም *127# ደውሎ፣ የንግድ ባንክ ደንበኛም *889# ደውሎ ወይም መተግበሪያውን ከፍቶ፣ ቀሪ ሒሳቡ በእርግጥ መጨመሩን ይመልከት፤ ኔትወርኩ ከጠፋም ኔትወርኩ እስኪመጣ ዕቃው ይቆይ።

ሁለተኛው መንገድ ክፍያው እውነተኛ ሆኖ ሳለ፣ ዕቃው ከተላከ በኋላ ገዢው ወደ አገልግሎት ሰጪው ደውሎ፣ «ገንዘቡን የላክሁት በስህተት ነው፤ ይመለስልኝ» ብሎ የሚያመለክትበት ነው። ሰው አንድ አኃዝ ተሳስቶ ገንዘቡን ወደማያውቀው ሰው ሊልክ ስለሚችል፣ የስህተት ክፍያ የሚመለስበት ሥርዓት መኖሩ ርትዕ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ ኤም-ፔሳ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ ሕዝቡ ይህን ሥርዓት በሚገባ ለምዶታል፤ ላኪው የተሳሳተበትን መልእክት ወደ 456 በመላክ ተመላሽ ይጠይቃል። ነገር ግን በዚያው አገር ዕቃውን ተረክበው ከሱቁ ከወጡ በኋላ በዚሁ መንገድ ገንዘባቸውን ለማስመለስ የሚሞክሩ ሰዎች ነጋዴውን እንዳስመረሩት የታወቀ ነው። ለተሳሳተው የተዘጋጀው መጠጊያ ለሐሰተኛው መሣሪያ ሲሆን፣ የሚጐዳው ሻጩ ብቻ አይደለም፤ ነገ በእውነት ተሳስቶ የሚያመለክተውም ሰው የሚያምነው ያጣል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይልቅ የረቀቀ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። አንድ የጌጫ ወጣት በቴሌግራም የጨዋታ ዩሲ ይሸጣል እንበል። አታላዩ ከዚህ ወጣት ዕቃውን ለመግዛት ይስማማና የባንክ ሒሳቡን ቁጥር ይቀበላል፤ በዚያችው ሰዓት ግን በጅማ ለሚኖር ሌላ ሰው ያገለገለ ስልክ የሚሸጥ መስሎ፣ «ዋጋውን በዚህ ሒሳብ አስገባልኝ» ብሎ የወጣቱን ቁጥር ይሰጠዋል። የጅማው ሰው በቅንነት ይከፍላል፤ የጌጫው ወጣትም ገንዘቡ በእርግጥ ስለ ገባለት በቅንነት ዕቃውን ለአታላዩ ይልካል፤ አታላዩም አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ዕቃውን ይዞ ይሰወራል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ያልደረሰው የጅማ ሰው ለባንክና ለፖሊስ ሲያመለክት፣ በማስረጃው ላይ የሚገኘው ስም የአታላዩ ሳይሆን የጌጫው ወጣት ነው። ሒሳቡ ይታገድበታል፣ ገንዘቡ እንዲመለስ ይጠየቃል፣ ከዚህም በላይ ንጹሕ ስሙ በሌባነት ይጠረጠራል። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ንጹሓን ሰዎች ተፋጥጠው ይቀራሉ፤ በደለኛው ግን በመካከላቸው አይገኝም። ይህን የሚከለክለው አንድ ጥያቄ ነው፤ እርሱም፣ ዕቃውን የሚረከበው ሰውና ገንዘቡን የላከው ሰው አንድ ናቸውን? የሚለው ነው። በመልእክቱ ላይ የሚታየው የላኪ ስም ከገዢው ስም ጋር ካልተስማማ፣ ሻጩ ራሱ ከላኪው ጋር ተነጋግሮ ገንዘቡ ስለ ምን እንደ ተከፈለ ሳያረጋግጥ ዕቃውን አይስጥ።

አራተኛው መንገድ «በስህተት ገባብህ» የሚባለው ነው። አንድ የማይታወቅ ሰው ይደውልና፣ ለታመመች እናቱ ሊልክ የነበረው ገንዘብ በስህተት ወደ እናንተ እንደ ገባ እያለቀሰ ይነግራችኋል። አንዳንድ ጊዜ ምንም አልገባም፤ የመጣው የሐሰት መልእክት ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ በእርግጥ ገብቷል፤ ነገር ግን ከተሰረቀ ሒሳብ የመጣ ነው። ርኅሩኅ ሰው ከራሱ ሒሳብ አዲስ ክፍያ አድርጎ ወደ ተነገረው ቁጥር ሲልክ፣ ኋላ እውነተኛው ባለገንዘብ አመልክቶ የመጀመሪያው ክፍያ ስለሚመለስ፣ ሁለት ጊዜ ከፋይ ይሆናል። ስለዚህ በስህተት ገባ የተባለን ገንዘብ አትብሉት፤ ነገር ግን በገዛ እጃችሁም አትላኩት። «ወደ ባንክህ ወይም ወደ ቴሌብር አመልክት፤ እነርሱ ወደ መጣበት ይመልሱት፤ እኔም እስማማለሁ» በሉት። እውነተኛ ሰው ይህን ሲሰማ ያመሰግናችኋል፤ አታላይ ግን ይቆጣል ወይም ያስቸኩላችኋል፤ ከዚህም ማንነቱን ታውቁታላችሁ።

ከአገር ውጭ ለሚኖር ሰው የሚሸጡ ደግሞ አምስተኛውን አደጋ ይወቁ። በአሜሪካ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1974 የወጣ ሕግ፣ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው በሒሳብ መግለጫው ላይ ስህተት ቢያገኝ ወይም የገዛው ዕቃ ባይደርሰው፣ መግለጫው ከተላከለት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ መብት ይሰጠዋል። ፔይፓል በተባለው የክፍያ ድርጅት ዘንድም ገዢው እስከ 180 ቀን ድረስ አቤት ሊል ይችላል። እነዚህ ሥርዓቶች ደካማውን ገዢ ከጉልበተኛ ነጋዴ ለመከላከል የተሠሩ ስለ ሆኑ የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ክርክሩ ሲነሣ ሻጩ ዕቃው መድረሱን ማስረዳት አለበት፤ በፖስታ የተላከ ዕቃ የፖስታ ቤት ማኅተምና የተቀባይ ፊርማ ሲኖረው፣ በኢሜይል የተላከ ትርጕም ወይም ሥዕል ግን ይህን የመሰለ ምስክር ስለሌለው፣ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ሻጩ ነው። በውጭ አገር በሚኖር ወንድም ወይም አክስት ስም በተከፈተ አካውንት ገንዘብ የሚቀበሉ ልጆቻችን ደግሞ፣ ክፍያው በአምስተኛው ወር ሲመለስ ዕዳው በዘመዳቸው ላይ እንደሚወድቅ፣ በገንዘብ የጀመረውም ጉዳይ ወደ ቤተ ዘመድ ጠብ ሊደርስ እንደሚችል አስቀድመው ያስቡ።

በስልክ መስታወት ላይ የሚታይ አኃዝ ሁሉ የጸና ንዋይ አለመሆኑን አገራችን በግልጽ ያየችው በ2016 ዓ.ም. ነው። ለመጋቢት 7 አጥቢያ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰው ጕድለት ምክንያት፣ ብዙ ደንበኞች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ ወደ ሌላም አስተላለፉ። ባንኩ ያለ አግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታወቀ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ መከሩ፤ ያልመለሱትንም ሰዎች ባንኩ በስም አወጣቸው፤ በጥቂት ሳምንታትም አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛ፣ መክፈል የተቻለው ሁሉ የከፋዩ ገንዘብ ላይሆን ይችላልና፣ ክፍያ ገባ ማለት ክፍያው ጸና ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ በዲጂታል መንገድ የተላለፈ ገንዘብ የእግሩን ዱካ ሳይተው አይሄድም፤ በድብቅ ያደረግሁት ነው የሚል ሰው ስሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ይቆየዋል።

ሕጉስ ስለዚህ ነገር ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት ስለሚበለጽግ ሰው፣ በቁጥር 2164 ደግሞ የማይገባውን ዕዳ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ስለ መቻሉ ይደነግጋል። እንግዲህ በስህተት የተላከ ገንዘብ እንዲመለስ የሚያዝዘው ያው ሕግ፣ ዕቃ ወስዶ ዋጋውን የሚያስመልሰውንም ሰው በዚያው ሚዛን ይመዝነዋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ሐሰተኛ የኮምፒዩተር ዳታ ማዘጋጀትንም ሆነ በእንዲህ ያለ ዳታ ሰውን ማታለልን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም የኤሌክትሮኒክ መልእክት፣ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳይነፈገው አድርጓል። ስለዚህ ስክሪንሾት አስመስሎ መሥራት የወጣትነት ቀልድ ወይም ብልጠት ሳይሆን ወንጀል መሆኑን፣ በቅዱሳት መጻሕፍትም ከተነቀፈው ከሐሰተኛ ሚዛን የማይለይ ኃጢአት መሆኑን ለልጆቻችን እናስተምር።

መፍትሔውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የቡና አገር ሰዎች ነንና ከቡናው ንግድ እንማር። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተመሠረተበት ሐሳብ፣ ሻጩ ምርቱን አስቀድሞ ወደ መጋዘን አስገብቶ ደረሰኝ እንዲቀበል፣ ገዢውም ገንዘቡን አስቀድሞ በባንክ እንዲያስቀምጥ፣ ልውውጡም ሁለቱ በአደራ ከተያዙ በኋላ ብቻ እንዲፈጸም ነው። በዚህ ሥርዓት ሻጩና ገዢው ባይተዋወቁም እንኳ፣ አንዱ ሌላውን ሊክደው የሚችልበት ጊዜ በመካከል አይቀርም። ዲጂታል ዕቃ የሚሸጡ ወጣቶቻችንም፣ እንዲህ ያለ ታላቅ መሥሪያ ቤት ባይኖራቸውም፣ ሐሳቡን በአቅማቸው መጠን ሊሠሩበት ይችላሉ።

ይኸውም፣ አንደኛ፣ ትልቅ ሥራ በአንድ ጊዜ አይሰጥ፤ አንድ ክፍል ተከፍሎበት አንድ ክፍል ይሰጥ፤ ሥዕል ከሆነም እስከ ክፍያው ፍጻሜ የሻጩ ስም እንደ ታተመበት ይታይ። ሁለተኛ፣ ከገዢው ጋር የተደረገው ንግግር፣ የስምምነቱ ዋጋ፣ የክፍያው ቁጥር፣ ዕቃው የተላከበት ቀንና ሰዓት፣ ገዢውም «ደርሶኛል» ያለበት ቃል ሳይደመሰስ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ የክፍያው መንገድ ከዕቃው ባሕርይ ጋር ይመዛዘን፤ ሊመለስ በሚችል ክፍያ የሚገዛ አዲስ ደንበኛ መጀመሪያ በትንሽ ዋጋ ይፈተን፤ ትልቁ ግዢ ግን በባንክ በተረጋገጠ፣ በከፋዩ በራሱ ስም በሆነ ክፍያ ይፈጸም። አራተኛ፣ በቴሌግራም መካከለኛ ሆነው አደራ የሚይዙ ሰዎች ሲያስፈልጉ፣ የታወቀውን ሰው ስምና ፎቶ የሰረቁ አስመሳዮች ስላሉ፣ መካከለኛውን ሻጩ ራሱ ይምረጠው እንጂ ገዢው ባመጣው ሊንክ አይግባ። አምስተኛ፣ የሚስጥር ቁጥርና በመልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ለማንም፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚል ሰውም እንኳ፣ አይነገር።

ይህን ሁሉ ስናገር ገዢን ሁሉ በጠላትነት እንድታዩ አይደለም። ሻጭም የሚያታልልበት ጊዜ አለ፤ ያልሠራ ፓኬጅ ወይም ባዶ ፋይል የሸጠ ሰው ገንዘቡን ሳይጠየቅ መመለስ አለበት፤ ተመላሽ የመጠየቅ መብት ለቅን ገዢ የተሰጠ ነውና። የሐሰተኛ አቤቱታ ክፋቱም እዚህ ላይ ይታያል፤ ሐሰተኛው የሻጩን ገንዘብ ብቻ አይሰርቅም፤ የቅን ገዢውንም መብት ያረክሳል፤ ሻጮች ሁሉ ደንበኛን በጥርጣሬ እንዲያዩ ያደርጋል፤ በመጨረሻም ከጌጫ የሚነሣ ሥራ ወዳድ ወጣት በሩቅ አገር ካለ ገዢ ጋር የሚገናኝበትን የእምነት መንገድ ያፈርሳል።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ባንኮችና የክፍያ ድርጅቶች የተመላሽ አቤቱታ ሲቀርብላቸው፣ የተቀባዩን ቃል ሳይሰሙና ማስረጃውን ሳያዩ እንዳይፈርዱ፣ ደንበኞቻቸውም ገንዘቡ መቼ የማይመለስ ሆኖ እንደሚጸና በሚገባቸው ቋንቋ፣ በሸክኛም ሆነ በአማርኛ፣ እንዲያስረዱ እጠይቃለሁ። መምህራን፣ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንም ጭምር፣ ይህን ትምህርት ወደ ገበያውና ወደ ትምህርት ቤቱ ይዘውት እንዲወጡ እጠይቃለሁ። ወላጆችና ሽማግሎች ደግሞ፣ ልጃችሁ ተታልሎ ወደ ቤት ሲመለስ፣ «ሞኝ» ብላችሁ አትገሥጹት፤ አፍሮ ዝም ያለ ሰው ማስረጃውን ያጠፋል፣ አታላዩም ነገ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳልና። ይልቁንስ በዚያኑ ሰዓት አብራችሁት ወደ ባንኩና ወደ ፖሊስ ሂዱ፤ የክፍያውን ቁጥርና የአታላዩን ስልክ አስመዝግቡ፤ የሆነውንም ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ንገሩ።

እናንተ ወጣቶች ግን በዚህ ሥራ ግፉበት እንጂ ፈርታችሁ አትተዉት። ዋጋችሁን በግልጽ ተናገሩ፤ ቃላችሁን ጠብቁ፤ ገንዘቡን መርምራችሁ ተቀበሉ፤ ለመመርመርም አትፈሩ። ገዢው ቢቆጣ ይቆጣ፤ ክፍያው እስኪጸና የእናንተ ድካም በእናንተ እጅ ይቆይ።